የጳጉሜ እርቦ

ተረት ተረት! የላም በረት!

በአንድ አገር አባባ ዘመን የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ዐሥራ ሦስት ልጆች ወልደው አሳድገዋል፤ ዐሥራ ሁለቱ ወንዶች፣ የሁሉም ታናሽ ሴት። ወንዶቹ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ተከታትለው የተወለዱ፣ ደረታቸው የሰፋ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ነበሩ። ታናሺቱ ጳጉሜ ግን በመካከላቸው ስትቆም ጨርሶ አትታይም። ጎረቤት የአባባ ዘመንን ልጆች ሲቆጥር ዐሥራ ሁለት ላይ ያቆማል፤ "ለካ አንዲት ትንሽ ልጅም አለች" የሚለው ሲያስታውሱት ነው።

አባባ ዘመን ቤታቸውን ለልጆቻቸው በተራ ያስረክቡ ነበር። ተረኛው የጎተራውን ቁልፍ ይይዛል፣ ቤተሰቡን ያበላል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ተራው ሲያልቅ ቁልፉን ለታናሹ ይሰጣል። ለቤቱ ቀለብ በቀን አንድ ቁና ጤፍ ተመድቧል። ወንዶቹ እያንዳንዳቸው የ30 ቀን ተረኞች ስለሆኑ 30 ቁና ይሰፈርላቸዋል። ጳጉሜ የአምስት ቀን ተረኛ ናት፤ አምስት ቁና ይሰፈርላታል።

ዘመን መለወጫውን የምታውጀው ፀሐይ ራሷ ነበረች። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ በምሥራቅ በኩል፣ ጫፉ እንደ በር የተሰነጠቀ ተራራ አለ። ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቀስ እያለች መጥታ በዚያ ስንጥቅ መካከል ብቅ ስትል አባባ ዘመን "እንኳን አደረሳችሁ" ይላሉ። ያን ጊዜ ቁልፉ ከጳጉሜ እጅ ወጥቶ ወደ መስከረም ይመለሳል።

በአንድ የዘመነ ዮሐንስ መባቻ የዓመቱ ቀለብ ይሰፈር ጀመር። ሰፋሪው ቁናውን እየሞላ፣ አፉን በመዳፉ እያስተካከለ 365 ጊዜ ሰፈረ። ከዚያ ወዲያ በጀንዲው ላይ አንዲት ትንሽ ቁልል ቀረች። ጠራርጎ በቁናው ቢያገባት ሩቡን ብቻ ሞላች፤ አንድ እርቦ።

ወንድማማቾቹ ተንጫጩ።

"የእኔ ናት" አለ መስከረም። "አደይ አበባ የምለብሰው እኔ፣ ደመራ የማበራው እኔ። ዓመቱን ስከፍት ቤቱ ጎድሎ ቢታይ የምንዋረደው ሁላችንም ነን።"

"'በጥቅምት አንድ አጥንት' ሲባል አልሰማህም?" አለ ጥቅምት። "ብርዱን የምችለው እኔ ነኝ።"

"የአገሩ ሰርግ ሁሉ ያለው በማን ጫንቃ ላይ ነው?" አለ ጥር።

"55 ቀን የጾመ ሆድ የሚፈታው በእኔ ቤት ነው" አለ ሚያዝያ።

ኅዳር ሳቀ። እሱ አውድማው በእህል ተሞልቶ የሚያድር፣ ከጥጋብ በቀር የማያውቅ ልጅ ነው። "ለአንድ እርቦ ጤፍ ወንድማማች ይጣላል? ለዐሥራ ሦስት ብትካፈል እፍኝ አትሞላም። ዛሬውኑ ትጋገርና አብረን እንብላት" አለ።

ሁሉም ሊስማሙ ሲሉ ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

"ጋሼ ኅዳር፣ ለእኔ ስጡኝ።"

"ምን ልታደርጊበት?"

"ላስቀምጠው።"

"ለምን ጉዳይ?"

"ገና ለማላውቀው ጉዳይ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። "እኔ ለማውቀው ጉዳይ አልበቃኝ፣ እሷ ለማታውቀው ታስቀምጣለች!" አለ ጥር ሆዱን ይዞ። አባባ ዘመን ግን አልሳቁም። "ከሁላችሁ ያነሰ የደረሳት እሷ ናት፤ እርቦዋን ትውሰዳት" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ጳጉሜ ዕለቱን ሥራ ጀመረች። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጣ፣ በምድጃው ጀርባ ጭስ በሚደርስበት ጥግ፣ ከጉልበቷ የማይበልጥ ጎታ ሠራች። ከሥሩ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትታ በጨርቅ ወተፈቻት። ጭቃው ሲደርቅ ጤፉን ጨመረችና አፉን ከድና ዙሪያውን በእበት ለቀለቀችው። ጤፍ መሆኑም ጠቅሟታል። ወንድሞቿ ያከማቹትን ማሽላና ስንዴ ነቀዝ እየቦረቦረ ዱቄት ያደርገዋል፤ ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ለዓመታት ቢቀመጥ እንደነበረ ይገኛል።

ለእሷ የሚቀርባት ታላቅ ወንድሟ ነሐሴ ቆሞ ሲያያት ቆየና "የራስሽን አምስት ቁና እንኳን ገና ቤት አላስገባሽም። መጀመሪያ ብትበዪ፣ የተረፈሽን ብታስቀምጪ አይሻልም?" አላት።

"በልቼ የሚተርፈኝን ላስቀምጥ ብል የሚተርፈኝ የለም" አለችው። "አስቀምጬ የቀረውን ብበላ ግን እንደ ልማዴ ጠግቤ አድራለሁ። ሆዴ ያላየውን አይጠይቀኝም።"

ዓመቱም በተለመደው መንገዱ ሄደ። መስከረም ደመራው ሳይለኮስ ቁናውን ሁሉ ጨረሰ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "የመስከረም ቤት ጎደለ እንዳይባል" እያለ አንዱን ቁና ሁለት ያደርገዋል። ሲያልቅበት ከጥቅምት ተበደረ። ጥቅምት የተወሰደበትን ከኅዳር ተበደረ። ኅዳርና ታኅሣሥ በአውድማቸው ላይ ቆመው ለጠየቀ ሁሉ ሰጡ፤ ዓይኑን እህል የሞላው ሰው ቁና አይቆጥርም።

ጥር ደገሰ። አንድ ድንኳን የበቃውን ሰርግ ሁለት ድንኳን አስተከለለት፤ "እገሌ ሁለት ተክሎ የለም ወይ?" ብሎ ነው። ሙሽራይቱን ለማስጌጥ የጎረቤት ወርቅ ተዋሰ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም ቢሉትም አልሰማም። ድንኳኑ ተነቅሎ ወርቁ ለባለቤቱ ሲመለስ ለጥር የቀረው ዕዳው ነው። ዕዳውን የካቲት ከፈለለት።

መጋቢት ቆጣቢ ይመስል ነበር። በጾሙ ምክንያት ቤቱ ቀዝቀዝ ብሎ ይውላል፤ ከቁናው ጥቂት ጥቂት ይተርፈዋል። የተረፈውን ግን በአንድ ላይ አስሮ ለሚያዝያ ይሰጠዋል፤ ሚያዝያም የፋሲካ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የመጋቢት መቆጠብ ድግሱን ወደ ኋላ ገፋው እንጂ አላስቀረውም። ግንቦት ባዶ ጎተራ ተረክቦ ከሰኔ ተበደረ።

የሰኔ ጠባይ ደግሞ ለብቻው ነው። ተራው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረውና የተረፈ እህል ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። "ይህ ተርፎ ከተገኘ አባባ ለከርሞ ይቀንሱብኛል" ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ደህናውን አጥር አፍርሶ ሌላ አጥር ያሳጥራል፣ ያልደከመውን ሠራተኛ ያበላል፣ የማያስፈልገውን ምንቸት ይገዛል፤ እስከ 30 ድረስ ጎተራውን አራግፎ "ተራዬን በሚገባ ፈጸምኩ" ይላል። በሚቀጥለው ቀን ሐምሌ በጭቃውና በጨለማው መጥቶ ባዶ ጎተራ ይከፍታል።

መጨረሻ ላይ ሁሉም የደረሱት ነሐሴ ዘንድ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ተራውም ሩቅ ነው፤ "እስከዚያ እንመልስልሃለን" እያሉ ወሰዱበት። ተራው ደርሶ ቢሰፍር 30 ቁናው ዐሥራ አንድ ሆኖ ጠበቀው። የፍልሰታ ጾም ባትደርስለት ኖሮ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ቤተሰቡም ክረምቱን ጎመን እየቀነጠሰ አሳለፈው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የጀመረው በመስከረም ነበር፤ ሲቸግር የከፈለው ግን ነሐሴ ሆነ።

ጳጉሜ ቁልፉን ስትረከብ ቤቱ ውስጥ የነበረው የእሷው አምስት ቁና ብቻ ነው። በቀን አንድ ቁና ሰፈረች፤ አንድ ፍሬ አልጨመረች፣ አልቀነሰች። በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ሲወርድ የመንደሩ ልጆች በደጇ ተሰብስበው ጠበሉን ተጠመቁ፤ ለሁሉም ቆሎ ዘገነችላቸው። ድንኳን ግን አልተከለችም። ይህን ያየ አንዳንድ ሰው "ንፉጊት" ይላታል። ከደጇ ሳይቀምስ የተመለሰ ለማኝ አለ ወይ ቢባል ግን ማንም ስም መጥራት አልቻለም።

አምስተኛው ቀን አልፎ ነጋ፤ ፀሐይ ወጣች። መስከረም ቁልፉን ተቀብሎ ጭፈራው ቀለጠ። ጳጉሜ ወደ ተራራው ስታይ ፀሐይ በስንጥቁ መካከል አልነበረችም፤ ጠርዟ ወደ ሰሜን በኩል ትንሽ ከድንጋዩ ገብቶ ነበር። አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። አባባ ዘመንም አይተዋል፤ ግን ምንም አላሉም።

ዘመነ ማቴዎስ ገባ። እርቦዋ እንደገና ተረፈች። ዘንድሮ ማንም አልተጣላባትም፤ "የጳጉሜን ጉድ ስጧት" ብለው ገፏት። ጎታዋ እስከ እኩሌታዋ ሞላች። በዓመቱ መጨረሻ ፀሐይ ከስንጥቁ ከአምናው ይልቅ ራቅ ብላ ወጣች።

በዘመነ ማርቆስ ደግሞ ባለ በቅሎ ሲራራ ነጋዴ ወደ አገሩ መጣ። "አንድ ቁና ስጡኝ፣ በወሩ ሁለት አድርጌ እመልሳለሁ" ይላል። ጥር ሁለት ቁና ሰጥቶ በወሩ አራት ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ያላወራበት ደጅ የለም። የካቲት ሰጠ፣ መጋቢት ሰጠ፤ ግንቦትና ሰኔ ገና ያልደረሰ ተራቸውን አስይዘው ሰጡ። ለጥር የተመለሰው አራት ቁና ሌሎቹን ለማጥመድ የተጣለ መሆኑን የጠረጠረ አልነበረም።

ነጋዴው ወደ ጳጉሜም መጣ። "አንቺማ ብልህ ነሽ አሉ። ጎታሽ ውስጥ ተቀምጦ ምን ይጠቅምሻል? ስጪኝና እጥፍ ላድርግልሽ" አላት።

"እህሉን ምን ላይ አውለኸው ነው እጥፍ የሚሆነው?"

"እሱ የንግድ ምስጢር ነው።"

"ጤፍ ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ እስኪበዛ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ይፈጃል። የአንተ በወር የበዛው ማን ዘርቶት፣ ማን አርሞት ነው?"

ነጋዴው ሳቅ ብሎ በቅሎውን ኮለኮለ። ሰኔ ሳይጋመስ ነጋዴውም በቅሎውም ጠፉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ተረት ያን ክረምት በአባባ ዘመን ቤት ብዙ ጊዜ ተነገረ።

ያ ክረምት ከሁሉም የከፋ ነበር። ነሐሴ ተራውን ሲጀምር የተገኘለት ስድስት ቁና ብቻ ነው። አንድ ምሽት ወደ እህቱ መጣና አንገቱን ደፋ።

"ጳጉሜዬ፣ ያቺን ጎታ ክፈቻት። ሦስት እርቦ አላት አይደል?"

ጳጉሜ ዝም አለች። በምድጃው ጀርባ ያለችውን ጎታ አየች፤ የወንድሟንም ጉንጭ አየች። ከዚያ ተነስታ የራሷን አምስት ቁና አውጥታ በፊቱ አስቀመጠች።

"ጎታዋን ከከፈትኩ ሦስት ዓመት በአንድ ቀን ያልቃል። እነዚህ ግን የእኔ ቀለብ ናቸው፤ ና አብረን እንብላ። የእኔን ተራ በጎመንና በቆሎ እንገፋዋለን።"

በልተው ሲጨርሱ እንዲህ አለችው፦ "ጋሼ ነሐሴ፣ ሰው ሁሉ አንተን 'እንደ ጳጉሜ ብትቆጥብ ኖሮ' ይልሃል። እኔ ግን እንደዚያ አልልም። ስድስት ቁና ለ30 ቀን ከተሰጠው ሰው ላይ ቁጠባ መጠየቅ ግፍ ነው። አንተን ያደኸየህ የወሰዱብህ ወንድሞቻችን አለመመለሳቸው ነው። እሱን በአባታችን ፊት እንናገራለን።"

ነሐሴ አለቀሰ። ለብዙ ዓመት "አባካኝ" ሲሉት ሰምቶ እሱም አምኖት ነበር።

ዘመነ ሉቃስ መጣ። አራተኛዋ እርቦ ጎታዋን ገጥማ ሞላች። ዓመቱም እንደ ልማዱ ተደገሰበት፣ ተበደሩበት፣ ተራገፈበት። ጳጉሜ አምስት ቀኗን በአምስት ቁናዋ አድርሳ ጨረሰች። የመጨረሻዋ ሌሊት ሊነጋ ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ደጅ ወጣ። መስከረም አደይ አበባውን ደርቶ፣ ችቦውን ይዞ፣ ከበሮ አስመቺዎቹን አሰልፎ ቆሟል። ከሩቅ የተጠሩ እንግዶች ግቢውን ሞልተውታል።

ፀሐይ ወጣች፤ ግን በስንጥቁ ውስጥ አልነበረችም። አብዛኛው አካሏ ከስንጥቁ ሰሜን፣ ከድንጋዩ ጫፍ በላይ ነበር። ከበሮው ቆመ።

"ዘመን አልተለወጠም" አሉ አባባ ዘመን።

"እንዴት አባባ?" አለ መስከረም። "ሁላችንም 30 ጨርሰናል፤ ጳጉሜም አምስቷን ጨርሳለች። ምን ቀረ?"

"ሩብ ቀርቷል። አራት ጊዜ።" ሽማግሌው በምርኩዛቸው ወደ ተራራው አመለከቱ። "ፀሐይ መንገዷን ዞራ ወደዚህ በር ለመመለስ 365 ቀንና የቀን ሩብ ይፈጅባታል። እናንተ 365ቱን ቆጥራችሁ ሩቧን ዋጋ አሳጣችኋት። በየዓመቱ የሩብ ቀን ያህል ቀድማችሁ ጨፈራችሁ፤ ማንም አላወቀባችሁም። ዛሬ አራቱ ሩብ ተደማምሮ ሙሉ ቀን ሆኖ ከፊታችሁ ቆሟል።"

"ለአንድ ቀን ምን አለበት? ቁልፉን ስጡኝና እንግባ" አለ መስከረም።

"በዓባይ ታችኛው ዳርቻ የሚኖር ታላቅ ወንድም ነበረኝ" አሉ አባባ ዘመን። "ልጆቹን እንደ እኔ 30፣ 30 ቀን ሰጥቶ አምስት ቀን ጨመረ። ሩቧን ግን 'ምን ታመጣለች' ብሎ ናቃት። በአራት ዓመት አንድ ቀን ቀደመ፤ ማንም አላየውም። በአርባ ዓመት ዐሥር ቀን ቀደመ፤ ሽማግሎች አጉረመረሙ። በ120 ዓመት አንድ ወር ሙሉ ቀደመ። ወንዙ ሳይሞላ የጎርፉ ልጅ ተራ ይገባ ጀመር፤ እህሉ ሳይደርስ የአዝመራው ልጅ ማጭዱን ይዞ ይወጣ ጀመር። እኛም እንደዚያ ብንሆን አንተ መስከረም አደይ ሳይፈነዳ በክረምት ጭቃ ትመጣለህ። ሰኔ ዝናብ ባልነካው መሬት ላይ ይዘራል። ታኅሣሥ ያልደረሰ እሸት ያጭዳል። እንግዲህ የተናቀችውን ሩብ ዋጋ እወቁ።"

ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንድ የእንግዳ ልጅ "እማዬ፣ ራበኝ" አለ። ያን ጊዜ ሁሉም አንድ ነገር ታወሳቸው፤ ዛሬ የማንም ተራ አይደለም፤ ለዛሬ የተሰፈረ ቁናም የለም። ቁልፉም ዘመን ሳይለወጥ ለመስከረም አይሰጥም። ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኅዳር የለውም፤ ጥር ዕዳ አለበት፤ ሰኔ አራግፏል።

ጳጉሜ ወደ ውስጥ ገባች። ቢላዋ ይዛ በጎታዋ አፍ ዙሪያ የደረቀውን እበት ፈቅፍቃ አነሳች። የታፈነ የጭስና የእህል ሽታ ወጣ። ጎንበስ ብላ ከሥሩ የተወተፈውን ጨርቅ ስትስበው ጤፉ በቀጭኑ እየፈሰሰ ወደ ቁናው ይወርድ ጀመር። ነቀዝ አልነካውም፣ አልሻገተም። አንድ እርቦ ሞላ። ሁለተኛው ሞላ። ሦስተኛው ሞላ። አራተኛው ሲሞላ ቁናው እስከ አፉ ደረሰ፤ ጎታዋም አለቀች።

ያ ጤፍ ተፈጨ፣ ተጋገረ። ቤተሰቡም እንግዳውም በላ፤ ማንም ጾሙን አላደረም። በማግስቱ ፀሐይ በስንጥቁ መሐል ለመሐል ወጣች። አባባ ዘመን "እንኳን አደረሳችሁ!" አሉ፤ መስከረምም በአደይ አበባው ገባ።

"ለካ እርቦዋ ቀን ነበረች!" አለ ጥር ራሱን እየነቀነቀ።

በዚያው ዕለት አባባ ዘመን ልጆቻቸውን ሰብስበው ፈረዱ።

"ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ሩቧ ከእንግዲህ የጳጉሜ ናት። በየአራት ዓመቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ፣ ስድስተኛ ቀን ይቆጠርላታል። የሰጠኋት እኔ አይደለሁም፤ ራሷ ያጠራቀመችው ነው። ሁለተኛ፣ ከነሐሴ የወሰዳችሁትን ትመልሳላችሁ። የሌላውን ድርሻ እየበላችሁ 'ለምን አትቆጥብም' ማለት ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ነውር ነው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችሁ ተራችሁ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ምጣድ ሳይጣድ፣ ጥቂት ታነሣላችሁ። ስንት ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሁልጊዜ ልታነሱት የምትችሉትን ያህል ይሁን።"

ወንድማማቾቹ ተመካከሩና እቁብ ጣሉ። ጳጉሜን ዳኛ አደረጓት። በየወሩ ሁሉም ቁና ቁና ያዋጣል፣ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። ለነሐሴ በመጀመሪያው ዓመት ዕጣ ወጣለትና በሬ ገዛበት፤ በበሬውም አርሶ በሚቀጥለው ክረምት ጎመን ብቻ ከመብላት ተረፈ። ለጥርም ወጣለት፤ እሱ ግን ድንኳን ጨመረበት። ሰኔ እስከ ዛሬ ድረስ ተራው ሊያልቅ ሲል አጥር ያሳጥራል ይባላል። አንድ ቤት ውስጥ ምክር ሁሉንም እኩል አያርምም።

መስከረም ግን አንድ ነገር ተምሯል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቁናውን ከማጠፍ ይልቅ ያለውን ያቀርባል። አንድ ቀን አንዱ እንግዳ "የመስከረም ቤት እንደ ድሮው አይደለም" ብሎ አማው። መስከረምም "እውነትህን ነው፤ ድሮ የምታየው የጥቅምትን እንጀራ ነበር" አለው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

ተረቱ እዚህ ያበቃል፤ ሩቧ ግን እውነት ናት። ጥንታዊ ግብፃውያን ዓመታቸውን በ12 ወር፣ ወሩን በ30 ቀን ከፍለው አምስት ቀን ይጨምሩ ነበር። ሩቡን ስለማይቆጥሩ ወራቸው ከወቅቱ ጋር ሳይገናኝ ለብዙ መቶ ዓመታት ተንሸራተተ። በ238 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ በንጉሥ ጰጥሎሜዎስ ሣልሳዊ ዘመን፣ ካህናቱ ተሰብስበው በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ደነገጉ። ድንጋጌው በድንጋይ ላይ ተቀረጸ፤ አልተሠራበትም። ሥራ ላይ የዋለው ከ200 ዓመት በኋላ፣ በሮማው ቄሣር በአውግስጦስ ዘመን ነው። እኛም የምንቆጥረው በዚያ በተስተካከለው ቀመር ነው። ሩቧን ማወቅ ለግብፃውያን አልቸገራቸውም፤ የቸገራቸው ልማዳቸውን ለእሷ ሲሉ መለወጥ ነበር። የእኛም የቁጠባ ነገር ከዚህ አይርቅም። መቆጠብ መልካም መሆኑን የማያውቅ ደመወዝተኛ የለም፤ ወር ደርሶ እጁ ባዶ የሚሆነው ግን ብዙ ነው።

ጳጉሜ ለወር ደመወዝተኛ ደመወዝ የላትም። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ የእንቁጣጣሽ በግ ተከታትለው የሚመጡት ግን በእሷ ጀርባ ነው። በየዓመቱ እንደምትመጣ እያወቅን በየዓመቱ ድንገት የደረሰች ይመስል እንበደርባታለን። ብድሩን ጥቅምትና ኅዳር ይከፍሉታል፤ ልክ በአባባ ዘመን ቤት እንደነበረው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የወሩ ደመወዝህ በገባ ዕለት፣ ገበያ ከመውጣትህ በፊት፣ እርቦህን ለይ። ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት፤ በየወሩ አታቋርጣት፤ በወር እጥፍ አደርግልሃለሁ ለሚል አትስጣት። ከማንም የተበደርከው ካለ ደግሞ፣ በተለይ ከአንተ ካነሰ ሰው፣ መጀመሪያ እሱን መልስ። ጳጉሜ በ2015 ዓ.ም. ስድስት ቀን ነበራት፤ በ2019 ዓ.ም.ም ስድስት ይኖራታል። ሩቧን ያልጣለ ሰውም እንደ እሷ ቀን ይተርፈዋል።